ነደባው ላይ ማን ይቀመጥ?

ጠጋ ጠጋ በሉማ። በሩ ላይ የቆማችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፤ ቦታ ሞልቷል። ዛሬ የምተርክላችሁ የአሚሮቹን ዘመን አይደለም፤ የጅብም አይደለም። ጅብ ያማረው ሲመሽ ከፈላና በር ወጣ ይበል። የእኔ ጨዋታ የኳስ ነው። እሱም ሜዳ ውስጥ የሚሮጠው ሳይሆን ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው ሰውዬ ነው።

በዚህ ከተማ፣ ጁገል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሰው ሲሰበሰብ አሰልጣኝ ሳይቀጠርና ሳይባረር አይመሽም። ማንቸስተር ዩናይትድን ለማን እንስጥ፣ አርሰናልን ማን ይረከብ፣ ሞሪኒዮ ይሻላል ወይስ አንቼሎቲ፣ እያሉ ሲያመዛዝኑ የሰማ እንግዳ የእንግሊዝ ክለቦች ቦርድ ከሐረር ደብዳቤ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ክርክሩ ደግሞ በባዶ እንዳይመስላችሁ። ማን በየትኛው ዓመት የቱን ዋንጫ እንዳነሣ፣ ማን ተጫዋች ሲገዛ እንደተሞኘ፣ ሁሉም በቃል ይታወቃል። የራሳችንን ቡድን ለማን እንስጥ ሲባል ግን ቤቱ ዝም ይላል።

ምክንያት አለው። ሐረር ቢራ የሚባል ቡድን ነበረን። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ፋብሪካ ስሙን የሰጠው፣ በፕሪሚየር ሊጉ እነ ቅዱስ ጊዮርጊስንና እነ ኢትዮጵያ ቡናን ይገጥም የነበረ ቡድን። ፋብሪካው በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ተሸጠ። ቢራው ዛሬም ይጠመቃል፤ ከተማችንን ግን በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም።

እንግዲህ ዛሬ እንቅጠር። የሐረር ቡድን ተደራጅቷል፣ ወደ ላይኛው ሊግ የሚመልሰው አሰልጣኝ ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያ አልወጣም፣ ማንም ማንንም አላነጋገረም፤ ነገ በሬዲዮ «ሐረር እገሌን አስፈረመ» ሲባል ብትሰሙ ከእኔ አይደለም። ቅጥሩ የጨዋታ ነው። የምጠራቸው ሰዎች ግን እውነተኞች ናቸው፣ የምነግራችሁም ያደረጉትን ነው።

ቃለ መጠይቁን የምናደርገው እዚሁ፣ ሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እዚህ ወንበር የለም። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያለ የተሠራ መደብ አለ፣ ነደባ ይባላል። በቀይ አፈር ይለቀለቃል፤ ቀዩ በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ነደባው አምስት ነው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት፣ ገቢ ወጪውን የሚያይበት አሚር ነደባ አለ። ሰፊው ጊዲር ነደባ አለ። ትንሹ ጢት ነደባ፣ ከዓይን ከለል ያለው ሱጥሪ ነደባ፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ ገብቲ ኤሄር ነደባ። የት እንደሚቀመጥ ለሰው የሚነግረው የለም፤ ገብቶ ልኩን አውቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ሲቪ አያስፈልገንም።

አሚር ነደባው ተይዟል። እዚያ ላይ ይድነቃቸው ተሰማን አስቀምጫለሁ፣ ከጎናቸው መንግስቱ ወርቁን። «ሙታንን ለምን ትጠራለህ?» አልከኝ አንተ? ፈታኝ የሚሆነን ዋንጫውን ያነሣ ሰው አይደለም እንዴ! ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እስቲ ልድገመው። በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ያለፉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ሁለት ጊዜ መራችን፤ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን፣ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግስቱ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን የሰጡት ጃንሆይ ናቸው፣ የራስ መኮንን ልጅ፣ እዚሁ ሐረር ያደጉት። ቡድኑን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ነበሩ። በጊዮርጊስ ማሊያ ተጫውተዋል፣ አሰልጥነዋል፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

መንግስቱም የተቀመጡት በጎል ብቻ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አሰልጣኝ ሆነው ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ዋልያዎቹን፣ ይዘው ሄዱ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄሪያ ግን 0 ለ 0 ወጡ። ይህቺ አልጄሪያ ሦስት ወር ቆይታ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 የጣለችው ናት። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ አፍሪካ ዋንጫን ለማየት 31 ዓመት ቆየች። ዳኞቻችን እነዚህ ናቸው። አሁን በሩን ክፈቱ።

መጀመሪያ የገቡት ሰውነት ቢሻው ናቸው። ቤቱ ሁሉ ተነሣ። አይነሣም ታዲያ? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የት እንደነበረ የማያስታውስ ኳስ ወዳድ ካለ እጁን ያውጣ። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን መጥታለች። አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ። ተደመረ፣ 5 ለ 5። ሱዳን ላይ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። የ31 ዓመቱ በር በዚያ ተከፈተ።

ደግሞ ቀን ቆጣሪ ካለ ይስማኝ። ዋንጫው የተነሣው ጥር 13 ነው አልኳችሁ አይደል? ሰውነት ቡድናቸውን ይዘው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን የገጠሙትም ጥር 13 ቀን ነው፣ ልክ በ51 ዓመቱ። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በአሥር ሰው አዳነ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያዩ። ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። ኋላ ለፍጻሜ የተገናኙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ በማን እንደተሸነፉም ማወቅ ደግ ነው።

ሰውነት ግን በዚያ አላበቁም። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ወደ ዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ የተሻገሩ መሰሉ። አዲስ አበባ ስትዘፍን ውላ ሳታድር ወሬው መጣ። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት፤ መጫወት አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ፊፋም ያን ውጤት ሰርዞ ሦስት ነጥባችንን ወሰደ።

እዚህ ላይ ልቁም። እናንተ አሰልጣኝ ስታወዳድሩ አጨዋወቱን ትጠይቃላችሁ፣ በአራት ተከላካይ ነው በሦስት ትላላችሁ። ቢጫ ካርድ የሚቆጥረው ማን ነው? ደብዳቤ ከፊፋ ሲመጣ ከፍቶ አንብቦ «አሰልጣኝ፣ ይህ ልጅ እሑድ አይሰለፍም» የሚለው ማን ነው? የቡድን መሪ ነው፣ ጽሕፈት ቤት ነው። ስሙን ማንም አያውቀውም፣ በርጫ ላይም አይወዳደርም። ሰውነት ያን ሁሉ ተጉዘው ያ አንድ ወረቀት ሊያስቀራቸው ነበር። ደግነቱ ማዕከላዊ አፍሪካን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ፤ ከዚያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ በሩን ዘጋችው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰውነት ተሰናበቱ። በ2006 ዓ.ም. ጥር የአገር ውስጥ ተጫዋቾች የሚሳተፉበት ቻን ላይ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው ሦስቱንም ተሸነፉ፣ አንድ ጎል ሳያገቡ። ከሦስት አሥርት ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡንን፣ ለዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ብቻ የቀራቸውን ሰው ለሦስት ሽንፈት ሸኘናቸው። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። ይድነቃቸውም ከላይ ሆነው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው፣ ወይም መሰለኝ።

ሰውነት ጊዲር ነደባው ላይ፣ ከሁሉም ፊት ተቀምጠዋል። ለሐረር ቡድን ግን ልመርጣቸው? የሳቸው ሙያ የተገጣጠመ ትውልድ ተረክቦ ማስማማት ነው። እነ ሳላዲን፣ እነ አዳነ፣ እነ ሽመልስ በቀለ፣ እነ ጌታነህ ከበደ በአንድ ዘመን ተገኙላቸው። እኛ ጋ የተገጣጠመ ነገር የለም፤ ከመሠረት ነው የሚጀመረው።

አሁን ደግሞ የውጭው ሰው። ሰውነት ሲነሡ «ፈረንጅ ይምጣ!» ተባለ፤ ታስታውሱታላችሁ። ያን ጊዜ ነው አገር ሁሉ እንደ ዛሬው የእኛ ጨዋታ ስም ሲያወዳድር የከረመው። ጋናን ያሰለጠነው ሰርቢያዊው ጎራን ስቴቫኖቪች ተጠራ፤ በውል ሳይስማሙ ቀረ። በሚያዝያ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ እሱም በጊዜው ጋናን ይዞ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ሚያዝያ ማንቸስተር ዩናይትድ ዴቪድ ሞይስን አባረረ። ፈርጉሰን ራሱ የመረጠው፣ የስድስት ዓመት ውል የተሰጠው ሰው በአሥር ወሩ ተሸኘ። እኛ አንዱ ቤት ሲቀጠር፣ ሌላው ቤት ሲባረር እያየን «የእኛው ይሳካለታል» አልን።

ባሬቶ ክፉ አልነበረም። ባማኮ ድረስ ሄዶ ማሊን በሜዳዋ 3 ለ 2 ማሸነፍ ቀላል ነገር ነው? ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ አልጄሪያም ማሊም አሸነፉን፣ አፍሪካ ዋንጫው አመለጠ፣ ሰውዬው በዓመቱ ሄደ፣ ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ። ከባሬቶ በፊት ኢፊ ኦኑራ መጥቶ ሄዷል። ቤልጅየማዊው ቶም ሴይንትፊት ወራት ቆይቶ ሄዷል። ይህ ሴይንትፊት ኋላ ጋምቢያን ይዞ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ አስገባት፣ ካሜሩን ላይ ሩብ ፍጻሜ አደረሳት። እኛ ጋ ወራት የቆየ ሰው ጋምቢያ ለዓመታት ታገሠችው። የሰርቢያው ሚቾም በጊዮርጊስ ስሙን ተክሎ፣ ቆይቶ ኡጋንዳን ከ39 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃት። እንግዲህ ፈረንጅ ይሻላል አይሻልም የሚለውን ክርክር እኔ ትቼዋለሁ። ሰዎቹ እዚህም እዚያም ያው ናቸው፤ የተሰጣቸው ጊዜ ነው ያልተመሳሰለው።

አንዱ አዛውንት «የውጭ አሰልጣኝ ሲሠራ ያየነው ድሬ ነው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በ1968 ዓ.ም. አፍሪካ ዋንጫ ሲመጣ አንዱ ምድብ ድሬዳዋ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ዛየር። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደን ሻምፒዮኗን ዛየርን አየን፤ ከሁለት ዓመት በፊት ዓለም ዋንጫ የገባችው ዛየር እዚያው ድሬ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተሰናበተች። ሞሮኮ በሮማኒያዊው ማርዳሬስኩ እየተመራች አለፈች፣ ዋንጫውንም ወሰደች። የኛን ቡድን የያዘውም የውጭ ሰው ነበር፣ ጀርመናዊው ፒተር ሽኒትገር፤ አዲስ አበባ ላይ ከምድቡ ወደቅን።

የውጭው እንግዳ የተቀመጠው ከበሩ ኋላ ነው። ሻንጣውን አልፈታም። ገና ሳንጨርስ ተነሥቶ ወጣና ያ ነደባ ባዶ ሆነ። ባዶ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ቀጥሎ የገቡት ድምፃቸው ቀስ ያለ ናቸው። አብርሃም መብራቱ። ሄደው ሱጥሪ ነደባው ላይ፣ ከለል ብለው ተቀመጡ። እኝህ ሰው በጦርነት መሐል ያለችውን የመንን በሜዳዋ መጫወት ሳትችል ለ2019ኙ የእስያ ዋንጫ ያሳለፉ ናቸው፤ ሁለቱ የመኖች ከተዋሐዱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ወደ አገር ተመልሰው ዋልያዎቹን ሲይዙ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸነፉ። ውላቸው ሲያልቅ አልታደሰም። የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ናቸው፤ ሌሎቹን የሚያስተምሩ። ለታዳጊዎቻችን ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ያ ሌላ ቅጥር ነው።

ውበቱ አባተ ሲገቡ ወጣቶቹ ናቸው የተንጫጩት። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አበቁ፤ ቡና ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላየም። ኋላ ዋልያዎቹን ይዘው ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ አለፉ። በኬፕ ቨርድ ጨዋታ ያሬድ ባየህ ገና በጊዜ በቀይ ወጣና 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከካሜሩን ጋር ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ አስቆጥሮ አስጨፈረን፣ ግን 4 ለ 1 ተረቱ፤ ከቡርኪናፋሶ 1 ለ 1። አንድ ነጥብ። ነገር ግን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ጨዋታ አለ። በሜዳችን ነው የተባለው። ሜዳችን የት ነበር? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑ በሰው አገር «ባለ ሜዳ» ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ያለ ደጋፊ፣ ያለ ከበሮ ግብፅን ማሸነፍ ሙያ ነው።

ይህን ያልኩት አለምክንያት አይደለም። የእኛ ሊግም እንደዚያው ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየተሰበሰቡ፣ ለሳምንታት እየተጫወቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ከተማ መዞር መጣ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። የሐረር ቡድን ነገ ቢያልፍም እዚህ ዳገት ላይ ማንንም አያስተናግድም ማለት ነው። የሚቀርበን ድሬ ነው፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር። እዚያ ወርደን በጎረቤት ስታዲየም «እንግዳ» ሆነን ልንጮህ! ድሬዎች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1952፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን መሆኑን፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫም አክራ ድረስ መሄዱን ሳይነግሯችሁ ሻይ አያጠጧችሁም። ስለዚህ የምንፈልገው ደጋፊ በሌለበት ማሸነፍ የሚችል አሰልጣኝ ነው።

ሥዩም ከበደ ይህን ፈተና አልፈዋል። ፋሲል ከነማን በዚያው በመጀመሪያው የዙረት ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን አድርገዋል። ጢት ነደባው ላይ ተቀመጡ፤ ክብራቸው ትንሽ ሆኖ ሳይሆን ሌላው ሞልቶ ነው።

የመጨረሻው ገብረመድህን ኃይሌ ናቸው። እስቲ ስሙ። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያለፈ ቡድን ነው። ገብረመድህን ያዙት፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሣ። በዓመቱ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዱ። መቀሌም ያለፈው ከጅማ ጋር በአንድ ዓመት ነው። በ2011 ዓ.ም. እሱንም ሻምፒዮን አደረጉት። የአዲስ አበባ ትልልቅ ክለቦች ለዘመናት የተቀባበሉትን ዋንጫ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ለሁለት የክልል ከተሞች አደለው። «እሱማ ደጋፊ ስላላቸው ነው፣ ጅማና መቀሌ ሲሞላ አይታችኋል?» የሚል ተከራካሪ ነበር፤ ትክክልም ነበር፣ እስከ 2017 ዓ.ም.። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድንን ይዘው፣ ደጋፊ በሌለበት፣ በዙረቱ ሊግ፣ ሦስተኛውን ዋንጫ በሦስተኛ ክለብ አነሡ። ያ ተከራካሪ አሁን የት እንዳለ አላውቅም።

ብሔራዊ ቡድኑንም ሁለት ጊዜ ይዘዋል። ሁለተኛው ላይ መድንንም ዋልያዎቹንም በአንድ ጊዜ ነበር የያዙት፤ ይህ እኔን አላስደሰተኝም። ሁለት ቤት ያለው ሰው የአንዱ ቤት ሆጃ ሳይበርድበት አይቀርም።

ደግሞ እውነቱን ሳልነግራችሁ ብቀር መንግስቱ ከላይ ይቆጡኛል። ጅማ አባ ጅፋር ዛሬ የት ነው? ዋንጫ ባነሣ በአራት ዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። መቀሌን ያቆመው ጦርነት ነው፤ እሱን ከኳስ ጋር አላወዳድረውም። ጅማን ግን ማንም አልተኮሰበትም። አሰልጣኙ ሲሄድ ዋንጫው ፎቶ ሆኖ ቀረ፤ ተጫዋች የሚያፈራ፣ ወጪና ገቢ የሚመዘግብ፣ ቡድን የሚያቆም ቤት ከኋላው አልነበረም። የአብዛኞቹ የክልል ክለቦቻችን ነገር እንደዚህ ነው። በጀቱ የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ከንቲባ ሲቀየር የቡድኑም ዕጣ ይቀየራል። አሰልጣኙ በሐምሌ ይቀጠራል፣ በጥር «ውጤት የለም» ይባላል፣ በየካቲት ሌላ ስም ይነሣል፣ በርጫውም ይደምቃል።

እሺ፣ ልፍረድ። ድምፄ ለገብረመድህን ነው። የሐረር ቡድን የሚመስለው ጅማን ነው፣ የሚጫወተው ደግሞ እንደ መድን ያለ ሜዳ ነው፤ ሁለቱንም ያደረጉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ውሉ ሦስት ዓመት፣ ሌላ ቡድን ጎን ለጎን መያዝ ክልክል፣ በመጀመሪያው ጥር ስንተኛ ናችሁ ብሎ መጠየቅም ክልክል። ከዚያ በላይ ደግሞ...

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አንድ ሰውዬ። ዞር ብዬ ሳይ ለካ ያ ባዶ የነበረው ነደባ ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ማንም ሳያየው ገብቶ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ደብተር አለ፣ ጆሮው ላይ እስኪብርቶ።

«ሦስት ዓመት አልክ። ደሞዙ ከየትኛው በጀት ነው? ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ያልተከፈለው ወዴት ይዞራል? የተጫዋቾቹ ውል በስንት ቅጂ ነው የሚፈረመው? ባለፈው ዓመት ቅጣት ያለባቸውን ልጆች ዝርዝር ማን ይዞታል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ገብረመድህን ቀና ብለው አዩት። ይድነቃቸውም አዩት። እኔም ስሙን ጠይቄ ጻፍኩ፦ የቡድን መሪ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ። የአሰልጣኙን ውል የሚያረቅቀው እሱ ስለሆነ ሌላውን ቅጥር ከእሱ ጋር ሐሙስ እንጨርሰዋለን።